ከምድጃው በፊት ነዳጁን ጠይቁ

ክረምቱ ወጣ፤ መንገዱም ደረቀ። በዚህ ሰሞን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ወጥና ስለ ዳቦ መጠየቃቸውን ትተው ስለ ድንኳን፣ ስለ ምድጃና ስለ ዓሳ ጥብስ ይጠይቃሉ። ለእኔ ይሄ ትልቅ ደስታ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ለእግር ተጓዦች ለዓመታት አብስያለሁ። አሁን ኑሮዬ ሐዋሳ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ምድጃ ሳላነድ የምውልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምመልሰው በእጄ ከያዝኩት ነገር ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ *ባለቤቴ፣ እኔና ሦስት ልጆቻችን ላንጋኖ ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። እስካሁን ስንወጣ የከሰል ምድጃ ነበር የምንይዘው፤ ልጆቹን በጭስ ጨረስናቸው። ቀላል የጋዝ ምድጃ ፍለጋ ስወጣ አንዱ ሻጭ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ጣሳ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ ምድጃ አሳየኝ። ሌላው ደግሞ በሻንጣ የሚያዝ ጠፍጣፋ ምድጃ አሳየኝ። የቱን ልግዛ? (የሦስት ልጆች እናት፣ ከመነኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ)*

እህቴ፣ ጠፍጣፋውን ግዢ።

ትንሿ ምድጃ 100 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ታምራለች፣ ኪስ ውስጥም ትገባለች። የተሠራችው ግን ብቻውን ለሚጓዝ፣ ውሃ አፍልቶ ሻይና ፓስታ ለሚበቃው ሰው ነው። እሳቷ የድስቱን መሃል ብቻ ይመታል። ዳር ዳሩ ሳይሞቅ መሃሉ ያራል። ሽሮ ምን ዓይነት እሳት እንደሚወድ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ዝግ ያለና የተዘረጋ እሳት ነው የሚወደው። ሌላም አለ። ምድጃዋ ጣሳው ላይ ቆማ፣ ድስቱ ደግሞ በላይዋ ሲቀመጥ ከፍታው ይጨምራል። ሦስት ልጆች በሚሯሯጡበት ቦታ የፈላ ድስት እንዲህ ከፍ ብሎ ሲቆም ማየት አልፈልግም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ነዳጁ ነው። ማንኛውንም ምድጃ ከመግዛትሽ በፊት “ነዳጁ ሲያልቅ የት አገኛለሁ?” ብለሽ ጠይቂ። የምትጠመዘዘው ምድጃ ጥርስ ያለው ጣሳ ትፈልጋለች፤ ያንን ጣሳ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው። ለጠፍጣፋው የሚሆነው ረጅምና ቀጭን የቡቴን ጣሳ ይሻላል። እሱም አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ ምድጃውን የምትገዢው ጣሳውም መደርደሪያው ላይ ካለ ብቻ ይሁን፤ ያኔም ለጉዞው የሚበቃሽን አብረሽ ግዢ።

ስንት ይበቃል? አንዱ ጣሳ 220 ግራም ገደማ ጋዝ ይይዛል። እሳቱን ሙሉ ከከፈትሽው ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይዘልቅም። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ሻይና ቡና ለአምስት ሰው ሲሠራ በቀን አንድ ጣሳ ያልቃል፤ አንዳንዴም ሁለተኛው ይከፈታል። ለሁለት ሌሊት አራት ያዢ። ነፋስ ካለ ደግሞ ፍጆታው በጣም ይጨምራል። ላንጋኖ ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ እሳቱን ከድስቱ ሥር ጠርጎ ይወስደዋል። መኪናችሁን በነፋሱ በኩል አቁሙት፤ ምድጃውን ግን ከመኪናው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ምድጃውን በላሜራ ወይም በፎይል ዙሪያውን መጠቅለል ክልክል ነው። ሙቀቱ ወደ ጣሳው ይመለስና ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ጣሳው ያለበትን ጎን የሚሸፍን ሰፊ ድስት ወይም ምጣድ አይጣድበትም፤ ሁለት ምድጃ አጠጋግቶ አንድ ትልቅ ድስት መጣድም አይቻልም።

ስትገዢ ሱቁ ውስጥ አስለኩሺው። እሳቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጊና ተመልከቺ። ዝቅ ሲል የሚጠፋ ከሆነ ተይው፤ ሽሮሽን ያሳርርብሻል። የድስት ማስቀመጫው እግሮች ሰፋ ያሉ መሆናቸውንም እይ።

ቡናውን ደግሞ አልረሳሁትም። የጀበና ቂጥ ክብ ነው፤ የጋዝ ምድጃ እግር ላይ ደልደል ብሎ አይቀመጥም። የጋዝ እሳት አንድ ቦታ ላይ ሲያተኩርበት ደግሞ ሸክላው ይሰነጠቃል። እኔ የምይዘው መዳፍ የምታክል ወፈር ያለች ላሜራ ናት። መሃሏን በያጅ በመዶሻ ትንሽ ጎድጎድ አድርጎልኛል። እሷን ምድጃው ላይ አስቀምጬ ጀበናውን ጎድጓዳው ላይ አሳርፋለሁ። እሳቱን መጀመሪያ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሸክላው ሲሞቅ ከፍ አደርገዋለሁ። ቡናው ትንሽ ይዘገያል። ጀበናው ግን በሰላም ቤት ይገባል። ቤት ውስጥ የብረት ጀበና ካለሽ ደግሞ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ *አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ዲንሾ እንገባለን፤ ከዚያ በእግር ባሌ ተራሮች ላይ እስከ ሳነቴ አምባ ለመሄድ አቅደናል። አንድ ጓደኛችን ጠፍጣፋ የጋዝ ምድጃ አለው። እዚያ ብርድ ላይ ይሠራል? እንጨት ለቅመን ብናነድስ? (ከሐዋሳ)*

ወንድሞቼ፣ ምድጃው አይተዋችሁም፤ ጠዋት ላይ ግን ያስቸግራችኋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጣሳው ውስጥ ያለው ቡቴን ፈሳሽ ነው። የሚነደው ወደ ጋዝ ሲቀየር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ቡቴን ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል ማለት ይቻላል። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቡቴኑ ከዜሮ በታችም ትንሽ ይተናል። ይሄ ይረዳችኋል። ይሁን እንጂ ጣሳው ሲነድ ራሱን ያቀዘቅዛል። ሌሊቱን ውርጭ ላይ ያደረ ጣሳ ጠዋት ሲለኮስ ነበልባሉ ደክሞ ይታያል፤ ሻይ እስኪፈላ ትዕግሥታችሁ ያልቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በማግሥቱ የምትጠቀሙበትን ጣሳ ከምድጃው ፈትታችሁ፣ ክዳኑን አድርጋችሁ፣ የምትተኙበት ከረጢት ውስጥ እግራችሁ ሥር አሳድሩት። ጠዋት ሞቅ ብሎ ይነሳል። ጣሳውን በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ለረጅም መንገድ ምርጫው የእኔ ከሆነ ግን ፓምፕ ያለውን የላምባ ምድጃ ነው የምይዘው። ፕሪመስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስዊድኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 የሠሩት። ክር የለውም። ላምባው በግፊት ወደ ጋለው ጭንቅላት ይወጣና ተንኖ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ብርድ አይበግረውም። ባሌ ላይ ሳበስል ያሳለፍኩት ከእሱ ጋር ነው። ላምባ፣ ማለትም ነጭ ጋዝ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ከማደያ ይገዛል፤ የቀረውም ለሚቀጥለው ጉዞ ይቀመጣል። አጠቃቀሙን ግን እዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ተለማመዱ። በመጀመሪያ ጭንቅላቱ ሥር ባለው ጎድጓዳ ትንሽ ስፒሪት አፍስሳችሁ ታነዳላችሁ። ጭንቅላቱ በደንብ ሲግል ፓምፑን ትመታላችሁ። ሳይግል ከተመታ ላምባው ፈሳሽ ሆኖ ይወጣና በቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ይንቦገቦጋል። ያኔ የአየር ማስወጫውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ ግፊቱን ልቀቁት፤ ሲረጋጋ እንደገና ጀምሩ። ለላምባ በተሠራ ምድጃ ውስጥ ቤንዚን የሚጨምር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

እንጨቱን እርሱት። ሳነቴ ላይ ጅባራ እንጂ ማገዶ የሚሆን ዛፍ የለም። ከዚያ ዝቅ ሲባል ያለው አስታ ደግሞ እርጥቡም ሳይቀር የሚነድ ቁጥቋጦ ነው። ከእጅ ያመለጠ እሳት ተራራውን ይዞ ይሄዳል። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት። ምድጃ የምትሸከሙትም ለዚህ ነው።

ስለ ስንቁ አንድ ነገር ልጨምር። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 86 ወይም 87 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ግን 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽምብራና ያልተከካ ምስር እዚያ ላይ ነዳጃችሁን ይጨርሱታል። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ የሽሮ ዱቄትና በሶ ያዙ። ድርቆሹን የተቁላላ በርበሬ መረቅ ውስጥ ጨምራችሁ ከምድጃው ታወርዱታላችሁ፤ ራሱ ይርሳል። ለአራት ሰው ፍርፍር በአሥር ደቂቃ ይደርሳል። በሶው ደግሞ እሳት የማይለኮስበት ቀን ምሳችሁ ነው።

ጥያቄ፦ *ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የልጅ ልጆቼን እየያዝኩ ከአሞራ ገደል ዓሳ ገዝተን ሐይቁ ዳር እንጠብሳለን። የነበረኝ መጥበሻ ከባድ ነው፤ ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። በሱቅ ያለው ታጣፊ ደግሞ ስስ ሆኖ ታየኝ። ምን ትመክሪኛለሽ? (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ)*

ጋሼ፣ እርስዎስ በያጅ ዘንድ ሄደው ቢያሠሩ ይሻላል። ሐዋሳ ውስጥ ጎበዝ ብረት ሠራተኛ ሞልቷል፤ በልክዎም ይሠራልዎታል።

ሳጥኑ 30 በ40 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 10 ይሁን። ከ1 ሚሊሜትር ላሜራ ቢሠራ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሱቅ ያዩት ስስ የሆነብዎ ከዚያ በታች ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰል ሲነድበት ይጣመማል። ጎንና ጎኑ ላይ ከታች በኩል አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይብሱበት። እግሮቹ በማጠፊያ ወደ ውስጥ ይታጠፉ።

ከሳጥኑ ሌላ ክብደት የሚጨምረው ፍርግርጉ ነው። በያጆች እጃቸው የለመደው ቶንዲኖ፣ ማለትም የግንባታ ብረት ዘንግ ነው። 6 ሚሊ ቶንዲኖ በሜትር 222 ግራም ይመዝናል። ዓሳ እንዳይሾልክ በየ1.5 ሴንቲሜትሩ ዘንግ ሲደረደር 8 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ፍርግርጉ ብቻውን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ወገብዎን የሚጎዳው እሱ ነው። በምትኩ 3 ሚሊ የማይዝግ ብረት ዘንግ ይጠይቁ። ያው 8 ሜትር ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን አይዝግም፤ በሎሚና በአመድ ሲታሽ ይጸዳል።

አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ። ፍርግርጉ ዚንክ የተቀባ ሽቦ እንዳይሆን፤ ዚንክ ሲግል የሚወጣው ጭስ ይጎዳል። የድሮ ፍሪጅ መደርደሪያ አውጥተው ዓሳ የሚጠብሱ ሰዎች አያለሁ። ያ ብረት ምን እንደተቀባ ማንም አያውቅም፤ ለልጆች ምግብ አይሆንም። አዲሱ መጥበሻም ሲሠራ የቀረ ዘይትና ቀለም ስለሚኖረው፣ መጀመሪያ ባዶውን ከሰል አንድደውበት በደንብ ያግሉት።

አሁን ወደ ዓሳው እንምጣ፤ ይሄን ሳልጽፍ አልፍም። ቆሮሶውን ሲገዙ ቅርፊቱን ያስፍቁ፤ ጨጓራው ይውጣ፤ ጭንቅላቱ ግን አይቆረጥ። በጨርቅ ውስጡንም ውጪውንም ያድርቁት፤ እርጥብ ዓሳ ብረት ላይ ይጣበቃል። ጎንና ጎኑን ሦስት ሦስት ጊዜ እስከ አጥንቱ ሸርተፍ ያድርጉ። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ሚጥሚጣ ስንጥቁ ውስጥ ይግባ። ዘይቱን ዓሳው ቆዳ ላይ ይቀቡት እንጂ ብረቱ ላይ አያፍሱ፤ ብረቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት ከሰሉ ላይ ይንጠባጠብና ይነዳል።

ለአራት አምስት ዓሳ አንድ ኪሎ ከሰል ይበቃል። ነበልባሉ ጠፍቶ ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ይታገሡ። እጅዎን ከፍርግርጉ በላይ አንድ ስንዝር ያህል አድርገው ይያዙ። እስከ አራት ቆጥረው እጅዎን ካነሱ ልኩ ነው። ሁለት ላይ ካነሱ ገና ይጠብቁ። ዓሳውን ሲያሳርፉ ‘ጭስስ’ ይላል። ከዚያ አይንኩት። አምስት ስድስት ደቂቃ ሲሆን ጅራቱን በቢላ ጫፍ ቀና ያድርጉት፤ ሳይታገል ከተነሳ ይገለብጡታል፣ ከያዘ አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት። ቆዳው ሲደርስ ብረቱን ራሱ ይለቃል። መገልበጡ ካስቸገረዎ ሁለት ክዳን ያለው፣ ዓሳውን መሃል አድርጎ የሚዘጋ መያዣ አለ፤ በያጁ ከዚያው ዘንግ ሊሠራው ይችላል። በዳጣና በሎሚ ይበሉት።

ሲጨርሱ ከሰሉን አሸዋ ውስጥ አይቅበሩት። የተቀበረ ፍም ለሰዓታት ግሎ ይቆያል፤ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን ይረግጠዋል። ውሃ ያፍስሱበት፤ ያገላብጡ፤ እንደገና ያፍስሱ። የዓሳውን ጨጓራም ለአባ ኮዳዎቹ አይወርውሩላቸው። ልጆች ያሉበት ድረስ ይጠጋሉ፤ ምንቃራቸው ደግሞ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ *ዝናብ ቢመጣ የከሰል ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አስገብተን፣ በሩን ትንሽ ከፍተን ብናበስል ምን አለው? (ከዶሬ ባፈና)*

አይሆንም። በሩ ቢከፈትም አይሆንም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። አይታይም፣ አይሸትም። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ከዚያ አይነሳም። ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ በየክረምቱ እንሰማለን፤ ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠብባል። ጭሱ ስለጠፋ፣ ፍሙም አመድ ስለለበሰ ጋዙ አልቋል ማለት አይደለም፤ እግር ለማሞቅ ተብሎም አይገባም። የጋዝም ሆነ የላምባ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይለኮስም። አንድ ትርፍ ሸራ ያዙና ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ፣ አራቱም ጎኑ ክፍት ሆኖ ከፍ ብሎ ይወጠር። ከሥሩ አብስሉ። ዝናቡ ከበረታ ዳቦ ቆሎና ቆሎ አለ።

ጥያቄ፦ *ውጭ የምትኖር እህቴ ትንሿን፣ ጣሳ ላይ የምትጠመዘዘውን ምድጃ ላከችልኝ። ጣሳው ግን አልመጣም። አንድ ሰው ከቤት ሲሊንደር ወደ ባዶ ጣሳ ጋዝ የሚያስተላልፍ ማገናኛ አለኝ አለኝ። ልሞክረው? (ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ)*

ወንድሜ፣ እንዳትሞክረው። የቤት ሲሊንደር ውስጥ ከቡቴኑ ጋር ፕሮፔን ሊኖር ይችላል። የፕሮፔን ግፊት ከቡቴን በጣም ይበልጣል። ሲሊንደሩ ወፍራም ብረት ስለሆነ ይችለዋል፤ ጣሳው ግን ስስ ነው፤ አንዴ ተሞልቶ እንዲጣል ነው የተሠራው። ከልክ በላይ ከተሞላ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ፈሳሹ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። እህትህንም ጣሳ እንድትልክ አትጠይቃት። የጋዝ ጣሳ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

ቀላል ነገር ከፈለግክ የስፒሪት ምድጃ አለልህ። ከትንሽ የመጠጥ ጣሳ እንኳ ይሠራል፤ ፓምፕ የለው፣ ግፊት የለው፣ የሚበላሽ ነገር የለው። ስፒሪት በአገራችን እንግዳ ነዳጅ አይደለም። በሶማሌ ክልል ቀብሪበያህ መጠለያ ያሉ ስደተኞች ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በመጣ ኤታኖል (የስፒሪቱ አልኮል) አብስለዋል። የምትገዛው ግን የሚነድ ስፒሪት፣ 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን። የእጅ ማጽጃው 70 በመቶ አልኮል ውስጡ ውሃ ስለሚበዛ በቂ ሙቀት አይሰጥም። ስፒሪት በክብደት ከጋዝ ጋር ሲነጻጸር ሙቀቱ ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ለሻይና ለፓስታ ይሆናል፣ ለወጥ አይመከርም።

ነበልባሉ በጠራራ ፀሐይ አይታይም። ጠፍቷል ብለህ ስፒሪት ብትጨምርበት እሳቱ በፈሳሹ ላይ ተሳፍሮ ጠርሙሱ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ የሚከድን ነገር ድፋበት። ቆይተህ ክፈተው፤ እጅህን ከጎን አስጠግተህ ሙቀቱ መጥፋቱን አረጋግጥ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው የሚሞላው።